ከሙሉ ዕቃ ጋር

"ይሄ አሮጌ አልጋ ለአዲስ ቤት አይሆንም። ወረዳው ሙሉ ዕቃ ያስገባልዎታል" ብላ አሮጊቷን ያሳመነቻቸው የክርስትና ልጃቸው ትርሲት ናት። ቤታቸውን በሚያድሰው ወረዳ ጽሕፈት ቤት ትሠራለች። አሮጊቷ እሷን አምነው፣ ሟች ባላቸው በእጃቸው የሠሩትን የወይራ አልጋ አስወጡ። አልጋው ተፈልጦ ለምረቃው ድግስ ማገዶ ሲሆን ቆመው አዩ።

በምረቃው ዕለት የታደሰው ቤት ገና ቀለም ቀለም ይሸታል። መሐሉ ላይ ፍራሹ ከነላስቲኩ የሆነ ሰፊ አልጋ ተዘርግቷል። የወረዳው ኃላፊ ሪባን ቆርጠው አሮጊቷን አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጧቸው፤ ካሜራው ወደ እሳቸው ዞረ። አሮጊቷም ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መረቁ።

"ጎኔን እንዳሳረፋችሁት ጎናችሁን ያሳርፈው! ልጄን ትርሲትን ከክፉ ዓይን ይሰውርልኝ!"

ሰዉ ሁሉ "አሜን!" አለ። ትርሲት እንባዋን ጠረገች።

ካሜራው እንደወጣ ሁለት ጎረምሶች ገብተው አልጋውን ፈታቱና ደጅ የቆመው ፒካፕ ላይ ጫኑት።

"ምነው ልጄ፣ ወዴት ነው የሚወስዱት?" አሉ አሮጊቷ።

"እሱ ለቀረጻ ነው፣ እማማ። ከሰዓት ደግሞ ላይኛው ሰፈር ሌላ ቤት ይመረቃል" አለ አንዱ ጎረምሳ።

ትርሲት ክንዳቸውን ያዝ አድርጋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"እዚያም መጥተው ይመርቁልን እንጂ። የዚያ ቤት ሴትዮ እንደ እርስዎ አይችሉበትም። ጋቢናው ሞልቷል፤ ከኋላ አልጋው ላይ ይቀመጣሉ።"