ሦስተኛው ሲሊንደር

ሁለተኛው ድንጋይ ሩፊኖን ጆሮ ግንዱ ላይ ሲያገኘው ሴኖቢያ አንገቷን ከሞተሩ ላይ ቀና አላደረገችም። ድምፁን ግን ሰማችው፤ እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ አለ። ቀና ብትል ፊቷን ያዩታል። ፊቷ ላይ ፍርሃት ካዩ ደግሞ ሩፊኖ አለቀለት።

ሚኒባሱ የዶን ፕላሲዶ ነው፣ ምሰሶው ላይ የታሰረው ሩፊኖ ሾፌሩ። ከቀትር በኋላ አስነስቶት ገና ከሰፈሩ ሳይወጣ ሞተሩ ጓ ብሎ ቀጥ አለ። ቀኑ የካርኒቫሉ ማክሰኞ ነበር። ከተማው ኤል አልቶ ቢራ እያፈሰሰ፣ አበባና ወረቀት እየበተነ ቤቱንም መኪናውንም ሲያስመርቅ ውሎ ሰፈሩ በሙሉ ሰክሯል። ሩፊኖን ከመሪው ላይ በጸጉሩ ጎትተው አወረዱትና መብራት ምሰሶ ላይ ጠፈሩት። ከበላዩ አንገቱን የታነቀ የጨርቅ አሻንጉሊት ይወዛወዛል፤ ሌባ አይቶት ይወቅ ተብሎ የተሰቀለ ነው።

ነገሩን ያከረረው የሞተሩ የብልሽት ኮድ ነው። የፕላሲዶ ሚስት ወንድም ኤልመር መኪናው ላይ የኮምፒውተር መመርመሪያውን ሰክቶ፣ ሦስተኛው ሲሊንደር ግፊቱ ከልክ በላይ ነው ብሎ ጮክ ብሎ አነበበ። ግፊቱ ከፍ ካለ ከፍ ያደረገው ሰው አለ አሉ። ቁልፉ ደግሞ ሌት ተቀን ከሩፊኖ ኪስ አይወጣም። ባለፈው ሳምንት ከፕላሲዶ ጋር ሰው ፊት ተሰዳድቧል፤ ሌላ ምን ምስክር ያስፈልጋል? አንዱ የሚያቃጥሉበትን ቤንዚን ሊያመጣ ሄደ።

ሴኖቢያን የጠሯት ሞተሩ ይድን እንደሆነ እንድታይላቸው ብቻ ነበር። የሰፈሩ መካኒክ እሷ ናት። እኔ ሳልጨርስ ክብሪት የሚጭር የለም ብላ ስትገባ ሳቁባት፣ ግን አልከለከሏትም።

"ቶሎ ይበሉ እንጂ ዶኛ ሴኖቢያ" አለ ኤልመር። "ኮዱ ተናግሯል፤ እርስዎ ምን ሊጨምሩበት ነው?"

"ኮዱ የሚናገረው የት እንዳመመው ነው። ማን እንዳሳመመው አይናገርም። አንተ ጥርስህን ሲያምህ ጥርስህ የሰው ስም ይጠራል?"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ሳቁ ሩፊኖን አልጠቀመውም፤ አንዲት ሴት ጫማዋን አውልቃ አፉን መታችው፣ ከዚያ ሌላዋም የራሷን አወለቀች። ሩፊኖ አልነካሁትም፣ አልነካሁትም ይል የነበረው አሁን ቃሉ ጠፍቶ ድምፅ ብቻ ቀረው።

ሴኖቢያ ድርብርብ ቀሚሷን ጉልበቶቿ መሃል ሰብስባ የሦስተኛውን ሲሊንደር ካንዴሌታ፣ ማሞቂያ ሻማውን፣ ፈታች። ጫፉ ርጥብ ነው። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ናፍጣ አይደለም።

ኤልመርን ቁልፉን አዙር አለችው። እኔ የመካኒክ ተላላኪ አይደለሁም ሲላት፣ ከፈራህ ወንድ ልፈልግ ብላ ዞረች። ገብቶ አዞረው። ሞተሩ እያቃሰተ አንዴ ሲገላበጥ ከቀዳዳው ፈሳሽ ተፈናጥሮ ኮፈኑን፣ ፊቷን፣ አፏን መታት። ከንፈሯን ላሰች።

ቢራ።

የፊልትሮውን፣ የአየር ማጣሪያውን፣ ክዳን ገነጠለችው። የአየር ማስገቢያው ጉሮሮ የረጠበ የወረቀት ብጥስጣሽና የአበባ ቅጠል ተለጥፎበታል። በጣቷ ጠርጋ መዳፏ ላይ ሰበሰበችውና ዘወር አለች።

"ሞተሩ ቢራ ጠጥቷል" አለች። "አየር ይጨመቃል፣ ፈሳሽ ግን አይጨመቅም። ፒስተኑ ሲወጣ ቢራው መሄጃ አጣ፣ ፒስተኑን የሚገፋውን ዘንግ፣ ቢየላውን፣ አጣመመው። ግፊት ያላችሁት ይሄ ነው። ማነው በፊልትሮ ያጠጣው?"

ፕላሲዶ በሁለት እርምጃ ደርሶ በጥፊ አላት። ጥርሷ ከንፈሯን በጣው፤ ጎኗ ከመከላከያው ብረት ተላተመ። ዝም በይ አላት፣ እንደ መለመን ባለ ዝቅተኛ ድምፅ። ተነስታ ደሟን በክንዷ ጠረገችና ያንኑ መዳፏን እንደገና ዘረጋች።

"ማነው ያጠጣው አልኩ።"

ፕላሲዶ የሴኖቢያን መፍቻ ከመሬት አነሳ። ያን ጊዜ ነው እናቱ፣ አሮጊቷ፣ ከተቀመጠችበት የቢራ ሳጥን ላይ ሳትነሳ የተናገረችው።

"አስቀምጠው ልጄ። የመኪናው ልብም ይጠጣ ብለህ ጠዋት ስታስመርቀው በፊልትሮው ያፈሰስክበት አንተ ነህ። እኛም አጨብጭበናል።"

ቤንዚኑን ያመጣው ሰውዬ በዚህ መሃል ደርሶ እያለከለከ የት ላድርገው ብሎ ጠየቀ። አንዴ ፕላሲዶን፣ አንዴ ሴኖቢያን አየና ጀሪካኑን ከጀርባው ደበቀው።

ገመዱን ኤልመር ፈታው፤ ሩፊኖ እንደ ጆንያ ምሰሶው ስር ተዘረረ። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ደግ ሆኑ። ውሃ የሚጠራ፣ ኮቱን የሚያራግፍለት፣ ቀድሞውንም ጠርጥሬ ነበር የሚል። በጫማ የመታችው ሴት የሻሏን ጫፍ በምራቋ አርጥባ እንደ ሕፃን ልጅ ቅንድቡን ልትጠርግለት አጎነበሰች።

ሴኖቢያ አልቀረበችም። የሚኒባሱ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ነበር።

ፕላሲዶ መፍቻውን ጥሎ ሰዉን በክርኑ እየገፋ አለፈ። ፊቱ አመድ መስሏል። "ተነስ ወንድሜ" አለ፣ ሊያነሳው ቀኝ እጁን ዘርግቶ።

ሩፊኖ እጁ ሲመጣ አየ። ጭንቅላቱን ጉልበቶቹ መሃል ቀብሮ በሁለት ክንዱ ሸፈነው።