ለየሰዉ ልክ የተሰፋ ፊልም

እስኪ ንገሩኝ፣ ከአባታችሁ ጋር ተቃቅፋችሁ ያለቀሳችሁት መቼ ነው? ትርንጎ በዘጠኝ ዓመቷ ነው። አባቷ መምህር ድልነሳው «የዘንዶው ደጅ» የተባለውን ወፍራም ልቦለድ ሲያነቡላት፣ ልዕልት አልጣሽ ሕዝቧን ለማዳን የከተማዋን በር ከውጭ ዘግታ ከዘንዶው ጋር ቀርታ ሞተች። ያን ቀን አባትና ልጅ ራት ሳይበሉ አደሩ።

ዛሬ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ መጽሐፉን ፊልም ሆኖ አይተው ሲወጡ ሁለቱም በደስታ ሰክረዋል።

«ዘንዶው ሲወድቅ ልቤ ልትወጣ ነበር፣ አባባ!»

«የምን መውደቅ? እኔ ባየሁትማ ታረቁ!»

«አልጣሽስ?»

«በድል ባለ ሠርግ ተዳረቻ! እስክስታውን አላየሽም?»

«እኔ ባየሁት እኮ ነገሠች!»

እየተደጋገፉ ሳቁ። ፊልም ለየተመልካቹ ልክ መሰፋት ከጀመረ ቆይቷል፤ በር ላይ የሚታደለው መነጽር የሚያስከፋህን አውቆ ቆርጦ በሚያስደስትህ ይተካልሃል። ትርንጎ ግን እጇን ቦርሳዋ ውስጥ ስትሰድ ሳቋ ቀጥ አለ። ለሁለቱ ብላ የያዘቻቸው መሐረቦች እንደታጠፉ ናቸው።

«አባባ፣ አብረን ልናለቅስላት አልነበር የመጣነው?»

«ተይ እንግዲህ፣ ደስ ብሎን የለ?» አሉ መምህር፤ ዓይናቸው ግን መሐረቦቹ ላይ ቀረ።

ትርንጎ ወደ አዳራሹ ተመልሳ ገባች። የፊልሙ አዘጋጅ አቶ ናሁሰናይ መድረክ ላይ አበባ ይቀበላል። ማይክሮፎኑን ከአስተዋዋቂው እጅ መነጨቀችው።

«አቶ ናሁሰናይ! አበባውን ያስቀምጡና በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ይመልሱልኝ፤ አልጣሽ ሞታለች ወይስ አልሞተችም?»