የላላችው ብሎን

«አጥፍቼዋለሁ አልኩህ እኮ!» አሉ ሽማግሌው ከአሮጌው ፒክአፕ መሪ ኋላ ሆነው። ሜካኒኩ ልጃቸው የጠየቃቸው ግን መብራቱን እንዲያበሩለት ነበር። «አልወቀስኩዎትም አባባ፣ ለፍተሻው ነው።» አባት ግራ መዳፋቸውን ሰረቅ አድርገው አዩና አበሩት። መዳፋቸው ላይ በእስክሪብቶ «መብራት አጥፋ» ተብሎ ተጽፏል። ባትሪው አራት ጊዜ ሞቶ አድሮ ልጃቸው ቁልፉን ከቀማቸው ሳምንት ቢሆነውም፣ ምናልባት ይመልስልኝ ይሆናል ብለው እጃቸውን በታጠቡ ቁጥር ጽሑፉን ያድሱት ነበር። እሱ ግን መኪናዋን ነገ ለገዢ ሊያስረክባት ነው፤ ኮፈኑን የከፈተውም ለዚያ ነው እንጂ አራቱንም ጊዜ «መብራት ማጥፋት ረስተው ነው» ብሎ የፈረደው ሳይከፍተው ነው።

ሞተሩ እየሠራ፣ መለኪያው አሥራ ሁለት ቮልት ላይ ተገትሮ ቀረ። አሥራ አራት መድረስ ነበረበት፤ ዲናሞው ባትሪውን እየሞላው አይደለም። ሞተሩን አስጠፍቶ ከዲናሞው ጀርባ የምትወጣዋን ወፍራም ሽቦ ነካ ቢያደርጋት ተወዛወዘች። ብሎኗ በጣት ብቻ ነው የገባችው፤ መፍቻ አልነካትም። ከሁለት ወር በፊት ዲናሞውን አውርዶ የመለሰው ደግሞ ሌላ ሰው አልነበረም። ያንን የአባቱን መዳፍ ቀና ብሎ ማየት አቃተው።

«አባባ» አለ፣ አንገቱን ኮፈኑ ሥር እንደቀበረ። «እርስዎ ምንም አልረሱም። ይቺን ሳላጠብቅ የረሳሁት እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ወርደው አጠገቡ ቆሙ። ብሎኗን አዩ፤ እሱን አዩ።

«ዕድሜ ነው ልጄ» አሉ። «አይፈረድብህም።»