የዘመነ ሉቃስ ቺንጋ

ወርቅነህ የሚኒባሱን የፊት ወንበር ገልብጦ ጆሮውን ወደሚሠራው ሞተር ይሰድዳል። ዐይኑን ጨፍኗል። ከኋላው ዐሥራ አራት የሠርግ አጃቢ በከበሮና በጭብጨባ መኪናውን ያወዛውዘዋል። እሱ ግን በልጅነቱ ቤተ ልሔም ድጓ ቤት ዜማ ሲማር እንደለመደው፣ ከሁካታው መካከል የሚፈልጋትን አንዲት ድምፅ ለይቶ ያወጣል።

«ንጹሕ ነው» ይላል ቀና ብሎ። «እንዲያውም ዛሬ አምሮበታል። የሠርግ ቀን መሆኑን ያወቀ ይመስላል።»

መካኒኩ ንጉሴ አይስቅም። ንፋስ መውጫ ጫፍ ላይ ካለው ጋራዡ የቆሙት ጎማ ለማስነፋት ብቻ ነበር። የቺንጋውን ነገር ያነሣው እሱ ነው።

«አያ ወርቅነህ፣ የታይሚንግ ቺንጋ፣ ይኼ የሞተሩ የጎማ ቀበቶ፣ አይጮኽም። ፍሬን ሲያረጅ ያፏጫል፣ ጎማ ያቃስታል። ይኼ ግን እንደ ጤነኛ ዝም ብሎ ሲሠራ ይኖርና አንድ ቀን ይበጠሳል። ያን ጊዜ የሞተሩ ሆድ ዕቃ እርስ በርሱ ይላተማል። ቁልቁለት ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ፍሬኑም መሪውም ድንጋይ ነው የሚሆንባችሁ። መች ነው የቀየሩት?»

ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ከቆመ ዓመታት አልፈዋል። ወርቅነህ ግን ለዚህ አይቸገርም፤ ከመኪናው ኪስ ዳዊቱን ያወጣል። በመጨረሻው ባዶ ቅጠል ላይ የቤቱ ነገር ሁሉ ተጽፏል፤ ማን እንደተወለደ፣ ማን እንዳረፈ፣ ላሚቱ መች እንደተገዛች። በጣቱ እየተከተለ ያነባል።

«ግንቦት ዐሥራ ሁለት፣ ዘመነ ሉቃስ። የመኪናው ቺንጋ ተቀየረ።» ከዚያ ጣቶቹን ያጥፋል። «ሉቃስ፣ ዮሐንስ፣ ማቴዎስ፤ ዘንድሮ ማርቆስ። ሦስት ዓመቱ ነው።»

የንጉሴ ትከሻ ይረግባል። «ሦስት ከሆነስ አድርሶ ይመልሳችኋል። አምስት ቢሞላው ኖሮ አልለቃችሁም ነበር።»

ከመኪናው ውስጥ እልልታው ይቀልጣል። ሙሽራው መልአኩ፣ የወርቅነህ የበኩር ልጅ፣ ከረባቱን እያስተካከለ አንገቱን በመስኮት ያወጣል።

«አባባ፣ እንሂድ እንጂ። ስማዳ ለምሳ እየጠበቁን ነው። ሙሽራዋ ሐሳቧን ብትቀይርስ?»

«ያን ፊትህን አይታ ያልቀየረች፣ አሁን በምን ትቀይራለች?» ትለዋለች እናቱ አልጣሽ። ሚዜዎቹ ይንጫጫሉ።

ወርቅነህ ወንበሩን መልሶ መሪው ፊት ይቀመጣል። ልቡ ከከበሮው ጋር ይመታል። ይቺን ቀን እንዲያሳየው ስንት ሌሊት ቆሞ ለምኗል። ያማትብና ማርሹን ይይዛል።

ትንሿ ልጁ ሕይወት ከእናቷ ጭን ተንጠራርታ ትከሻውን ትጎትታለች።

«አባባ፣ እየኝማ። ሁለተኛዋም ወለቀች።»

ዞር ይላል። ከላይ ፊት ለፊት ሁለት ጥርስ የላትም፤ በክፍተቱ ምላሷን ብቅ አድርጋ ትስቃለች። እሱም ይስቃል። ከዚያ ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ይቀራል።

ዳዊቱን መልሶ ይገልጣል። ከቺንጋው በላይ ያለችው መስመር፣ በዚያው ቀለም፣ በዚያው ብዕር፦ «ግንቦት ዐሥር፣ ዘመነ ሉቃስ። ሕይወት ክርስትና ተነሣች።»

«አልጣሽ፣ ሕይወት ስንት ዓመቷ ነው?»

«አንተ ሰውዬ፣ ደስታው አዞረህ እንዴ? ሰባት ሞላት እኮ።»

ሰባት። ሉቃስ መጥቶ ሄዷል፤ የአራት ዓመት ዙሩን ጨርሶ ዳግመኛ መጥቶም ሄዷል። ወርቅነህ የቆጠረው ከኋለኛው ነው።

ቁልፉን ያዞራል። ሞተሩ ይጠፋል፤ ከበሮውም አብሮ ይቆማል።

«ንጉሴ፣ ሰባት ዓመቱ ነው። ፍታው።»

«የሦስት ሰዓት ሥራ ነው፤ ይወቁት» ይላል ንጉሴ፣ እጅጌውን ግን ሰብስቧል። «ዕቃውስ አለ። ከደብረ ታቦር አስመጥቼ ምስማር ላይ ከሰቀልሁልዎ ቆይቷል።»

መልአኩ ከመኪናው ይወርዳል። «አባባ፣ ዛሬ? ዳስ ተጥሎ፣ አገር ተሰብስቦ? ምን ይሉናል?»

«ዛሬ ስለሆነ ነው፣ ልጄ። ብቻዬን ብሆን በአምላክ እያልሁ ቁልቁለቱን እወርደው ነበር። አንተን ጭኜ ግን አልፈትነውም።»

ስልኩን አውጥቶ ለሙሽሪት አባት ይደውላል። ላብ ግንባሩን አርሶታል። እንደሚዘገዩ፣ ለምን እንደሚዘገዩ፣ አንድም ሳያስቀር ይናገራል። ሁሉም ጆሮውን ሰጥቷል።

«እሰይ፣ ተመስገን» ይላል የአማቹ ድምፅ፣ ከስልኩ እስከ ኋላ ወንበር እየተሰማ። «እኛም ወጡ አልደረሰልንም። እንዴት ብለን እንንገራቸው ስንባባል ነበር።»

ሳቁ መኪናውን ይሞላዋል። በሩ ተንሸራቶ ይከፈትና ሠርገኛው ወደ ጋራዡ ግቢ ይፈስሳል። ከበሮው ይነሣል። አልጣሽ ነጠላዋን ታጥቃ በአሮጌ ጎማዎች መካከል እስክስታ ትወርዳለች፤ ሙሽራው ኩርፊያውን ሳይጨርስ ሚዜዎቹ ጎትተው መካከል ያስገቡታል። መኪናው ሥር የተኛው የንጉሴ እግር እንኳ ምቱን ይዟል።

ፀሐዩ ከረር ሲል ንጉሴ ጥቁሩን ቺንጋ ይዞ ይወጣል። ለወርቅነህ ያቀብለዋል። ጀርባው እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቋል። ወርቅነህ በሁለት እጁ ይዞት ይቆማል፤ ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል።

ሕይወት ከእጁ ትወስደዋለች። በውስጥ በኩል ያሉትን የጎማ ጥርሶች በጣቷ አንድ በአንድ እየነካች ትሄድና፣ አንድ ቦታ ላይ ጣቷ ይንሸራተታል። ጎን ለጎን ሁለቱ የሉም። ትንሽ ታስባለች። ከዚያ ምላሷን ቀስ አድርጋ ወደ ራሷ ድድ ትልካለች።