ከጨዋታ የተባረረችው

በሯ ጋ ለመድረስ ጥቂት ደረጃ ሲቀራት ቁጭ ብላለች። አንዱን ጫማ አውልቃለች፤ ሌላውን ለማውለቅ አቅም ያጣች ትመስላለች። ዛሬ የደረጃው ተራ የእኔ ስለሆነ ከላይ ወደ ታች እየወለወልኩ ነው። ውሃው ሲደርስባት ትነሣ እንደሆን አያለሁ። አትነሣም።

የፊት ለፊት ጎረቤቴ ናት። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ንግድ ሊማሩ የሚመጡ አዳዲስ ልጆችን የምትቀበለው፣ የምታለማምደው፣ እንዳይሰለቹ የምታባብለው እሷ ናት። ሰሞኑን «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚል ጨርቅ ጠቅልላ በብብቷ ይዛ ስትወጣ ስትገባ ስላየኋት እንኳኔ የሚል ስም አውጥቼላታለሁ። ሌላ ጊዜ ስጠራት ትስቃለች።

«እንኳኔ፣ ዛሬ ደግሞ ማን ደህና መጣ?»

«የሄደችውን ይጠይቁኝ፣ እትዬ።»

መወልወያዬን ግድግዳ አስደግፌ ከጎኗ እቀመጣለሁ።

እየቆራረጠች ትነግረኛለች። ትምህርት ቤት ብዙ ስላልቆየሁ አንዳንዱን አስደግሜ ነው የሚገባኝ። አዲሶቹ ልጆች አዳራሹን ይሞሉታል፣ ግን ሁሉም ስልኩ ላይ እንዳቀረቀረ ነው። አለቃዋ ደግሞ ባገኛት ቁጥር «ተሳትፎ የታለ?» ይላታል፤ ቦርሳዋ ውስጥ የደበቀችው ይመስል። ስለዚህ ጨዋታ አመጣች። ልጆቹ በቡድን ሆነው የውሸት ድርጅት ያቋቁማሉ፣ ሥራ አስኪያጅ ይሾማሉ፣ ይሸጣሉ፣ ይከስራሉ። ጨዋታው እንዲሞቅም አንድ ደንብ ጨመረችበት፤ ያልቀናው ድርጅት ሠራተኛ ማባረር ይችላል። የተባረረው የጨዋታውን ካርድ ያስረክብና ዳር ይቀመጣል።

ሞቀላት። ስልክ የሚነካ ጠፋ። አንደኛው ቡድን ድምጿ የማይሰማ አንዲት ዝምተኛ ልጅ ነበረችው። ከረባት ያሰረው ሥራ አስኪያጅ ተነሥቶ «ድርጅቱ ስላገለገልሽው ያመሰግናል» ብሎ አሰናበታት። አዳራሹ አጨበጨበ። እንኳኔም ከኋላ ቆማ እንዳጨበጨበች አልደበቀችኝም።

ጉዱ ያለው ካርዱ ላይ ነው። የጨዋታው ካርድ የተንጠለጠለው የግቢው መግቢያ ካርድ ባለበት ገመድ ላይ ነበር። ሌሎቹ የጨዋታውን ብቻ ነቅለው ሲሰጡ ይህቺ ልጅ ገመዱን እንዳለ ከአንገቷ አውልቃ አስረከበች። በማግስቱ ጠዋት ሳሙና ልትገዛ ወጥታ ስትመለስ ዘበኛው ካርድ የሌለው አይገባም አላት። እሷም የምር የተባረረች መስሏት አልተከራከረችም። የተባረረ ሰው ምን ብሎ ይከራከራል? ሳሙናዋን እንደያዘች አውቶቡስ ተሳፍራ አገሯ ገባች።

እንኳኔ ገመዱን ያገኘችው ዛሬ ነው፣ የጨዋታውን ዕቃ ስትሰበስብ፤ የቀረውን ከዘበኛው ጠይቃ ነው የሰማችው። ከዚያ ወዲህ ትደውላለች፤ ስልኩ ዝግ ነው። ነገ ከሰዓት የስም ጥሪ አለ። ያልተገኘ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል።

ገመዱ አሁን እሷ አንገት ላይ ነው፣ ከራሷ ካርድ ጋር ተጠላልፎ። እንዲያ ሆና መንገዱን ሁሉ እንዳቋረጠች የምታውቅ አይመስለኝም። ቀልድና ቅዘን ቤት ያጠፋል የሚለው ተረት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ፊቷን አይቼ ዋጥኩት።

ስልኳ ይጮኻል። የጆሮ ማዳመጫው ከተበላሸ ስለቆየ ድምፁን ለቅቃ ነው የምታወራው፤ የእሷን ወሬ ሕንፃው ሁሉ የሚያውቀውም በዚህ ምክንያት ነው። የደወሉት የልጅቷ አባት ናቸው። ስልኩን የዘጋችው ልጃቸው፣ የከፈቱት እሳቸው።

በመጀመሪያ ጤንነቷን ይጠይቃሉ። ልጆቿንም ይጠይቃሉ፤ ልጅ እንኳ የላትም። ከዚያ ልጃቸውን ያን ያህል ጊዜ ስላቆዩላቸው ያመሰግናሉ። ድሮም ቀስ የምትል ልጅ እንደሆነች፣ በማንም እንዳልተቀየሙ ይነግሯታል። ምነው ቢቆጧት እላለሁ በሆዴ። ቢቆጧት ይቀላት ነበር።

«አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርዎ» ይላሉ። «ልብሱ ይቅር። ብርድ ልብሷን ግን ሰው ሲገኝ ቢልኩልን። እናቷ በእጇ የሠራችው ነው።»

እንኳኔ ወደ እኔ ዞር ትላለች። በክርኔ ጎሸም አደርጋታለሁ።

«አባባ፣ ልጅዎ አልተባረረችም። ጨዋታ ነበር። ያመጣሁትም እኔ ነኝ።»

ከወዲያ በኩል ወንበር ሲንቋቋ ይሰማል።

«ጨዋታ?» ይላሉ፣ ቃሉን አገላብጠው እንደሚያዩት ሁሉ። «እኛ እኮ አልቅሰናል፣ ልጄ።»

ይቅርታ ትጠይቃለች። ደግማ ትጠይቃለች። ካርዱ እሷ ጋ እንዳለ፣ ነገ ራሷ በር ላይ ቆማ እንደምትጠብቃት ትናገራለች። ስልኩ ከእጅ እጅ ሲተላለፍ ይንኮሻኮሻል፣ ከዚያ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። ልጅቷ ናት።

እንኳኔ ማባበል ትጀምራለች። ያንን አዳራሽ ላይ የምትለውን ሁሉ ትደረድራለች፦ አንድ ቤተሰብ ነን፣ በራችን ክፍት ነው፣ የእናንተ ድምፅ የእኛ ድምፅ ነው። መሐል ላይ ራሷ ትሰለችና ታቆማለች።

«ድርጅቱ ከስሯል» ትላታለች ድክም ባለ ድምፅ። «አንቺ በሄድሽ ማግስት።»

እውነት ይሁን ውሸት እኔ አላውቅም።

«ሥራ አስኪያጁስ?» ትላለች ልጅቷ፤ በእርግጥም ድምጿ የሚሰማ አይደለም።

«ከረባቱን ፈቷል።»

ሳቅ ይሁን አፍንጫ መጥረግ ያልለየሁት ነገር ይሰማል። ጆሮዬን ወደ ስልኩ አስጠጋለሁ።

«እንግዲያው ብርድ ልብሴን አይላኩት» ትላለች።

መስመሩ ይዘጋል። እንኳኔ ስልኩን ጭኗ ላይ ጣል ታደርግና የልጅቷን ገመድ ከአንገቷ ልታወጣ ትሞክራለች። ከራሷ ጋር ተቋጥሮ እምቢ ይላታል። ትተወዋለች። ጭንቅላቷን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ዓይኗን ትከድናለች፤ አንድ እግሯ እንደተጫማ ነው።

ደረቷ ላይ ሁለት ፎቶ አለ፣ የእሷና የልጅቷ። በተነፈሰች ቁጥር አብረው ከፍ ዝቅ ይላሉ።