ባሕር የሚያየው መጅ

ባሕሩ ከፍ ካለ ወዲህ ገደል ላይ የተንጠለጠለች አንዲት የጣሊያን መንደር እንግዳ የምትቀበለው ለማዕበል መከላከያ ግንቧ አንድ ድንጋይ ይዞ ሲመጣ ብቻ ነው። አስካለ የመንደሯን ምስል ካየች ጀምሮ ልቧ ሸፍቷል፤ ቢጫና ሮዝ ቤቶች፣ ከሥራቸው ሰማያዊ ውኃ። "ሰው እንዲህ አሳምሮ ይሠራል!"

የእናቷን የወፍጮ መጅ ሻንጣ ውስጥ ስትከት ልጇ ሰብለ ጮኸች።

"እማዬ፣ በርበሬሽን በምን ልትፈጪ ነው? ከደጅ አንዱን ድንጋይ አንሺ!"

"ለእንዲህ ያለ አገር የደጅ ድንጋይ? አላፍርም እንዴ?"

"የአያቴ እኮ ነው! ግንብ ውስጥ ከገባ አይመለስም!"

አስካለ በእናቷ መዳፍ የለሰለሰውን ድንጋይ ዳሰሰችው። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ሻንጣውን ግን ዘጋችው።

"ዕድሜዋን ሙሉ ስትፈጭ ኖራ ባሕር ሳታይ ሞተች። እኔ ሁለት ቀን አይቼ እመለሳለሁ፤ እሷ እዚያው ሆና ትየው።"