ግማሽ እንቁላል

ፋንታነሽ የአማቷን እጅ አየር ላይ ያዘችው። በእንጀራ የተጠቀለለው ግማሽ እንቁላል የልጇ የኦሽራት ከንፈር ላይ ሊደርስ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ከጸሎት መልስ ለሰንበት ምሳ የመጡት ጎረቤቶች እጃቸውን ከማዕዱ ሰበሰቡ። በመስኮቱ የሚገባው የእስራኤሏ የአሽቀሎን ከተማ የባሕር ነፋስ መጋረጃውን ያርገበግበዋል።

«እጄን ልቀቂ» አሉ እማማ ሀረጓ ቀስ ብለው።

«ይቅር ይበሉኝ እማማ። እንቁላል አይሆናትም። ሥጋም፣ ወተትም። ደሟ ውስጥ ገብቶ መርዝ ይሆናል ብለዋል ሐኪሞቹ።»

«እንቁላል ነው መርዝ የሚሆን? የሁለት ዓመት ልጅ የሰው እጅ እያየች ምራቋን ስትውጥ አታይም? ያን ሐኪም ያዘዘላትን የሚሸት ዱቄት በጠርሙስ እየበጠበጥሽ በረሃብ ልትገያት ነው?»

አንዷ ጎረቤት ከንፈሯን መጠጠች። ፋንታነሽ ሰማቻት። ሚግዳል ሰፈር ገበያ ስትወጣም ሴቶቹ ከኋላዋ «ልጇን የምታስርበዋ» እንደሚሏት ታውቃለች።

ኦሽራት አፏን እንደከፈተች ወደ እንቁላሉ ተንጠራራች፤ ሲርቅባት አለቀሰች።

«እኔ ልጅ ማሳደግ አላውቅም?» የእማማ ሀረጓ ድምፅ ተሰበረ። «አዲስ አበባ ተቀምጠን ወደ እስራኤል መምጫችንን ስንጠባበቅ ቸሬን ማን አበላው? ሰው ጦሙን ሲያድር የእጄን አምባር ሸጬ እንቁላል አልገዛሁለትም? በየቀኑ በዚህ እጄ አላጎረስኩትም? እግዚአብሔር ወሰደው እንጂ እኔ አላስራብኩትም!»

አጥናፉ ቀና ብሎ ሚስቱን ፋንታነሽን አየ። ቸሬ የመጀመሪያ ልጃቸው ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ ያስመልሰው ጀመር፤ ከዚያ እንቅልፍ ጣለው፤ ከዚያ አልነቃም። ባለፈው ወር ፋንታነሽ በአስተርጓሚ ስለ እሱ ሐኪሟን ጠይቃ ነበር። ሐኪሟ ምን ይበላ እንደነበር ጠየቀች። «እንቁላል፣ በየቀኑ» አለ አጥናፉ። ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እሱም ይኸው አብሮ የሚወለድ በሽታ ሳይኖርበት አልቀረም። ያኔ ማንም ሊያውቅ አይችልም ነበር» አለቻቸው። ባልና ሚስት አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ወደ ቤት ተመለሱ፤ ለእማማ ሀረጓ ግን አልነገሯቸውም።

«እማዬ» አለ አጥናፉ አሁን፣ «ቸሬ እኮ…»

ፋንታነሽ በዓይኗ ከለከለችው። ብድግ ብሎ የምታለቅሰውን ልጅ አቀፈና ወደ በረንዳው ወጣ።

የአሮጊቷ እጅ አሁንም በፋንታነሽ መዳፍ ውስጥ ነው። ቆዳው ስስ ነው፤ ከሥሩ የደም ሥሩ ይመታል።

«እውነትዎን ነው እማማ» አለች ፋንታነሽ። «ለቸሬ እንደ እርስዎ የሳሳለት ማንም የለም።»

ጎንበስ ብላም ጉርሻውን ራሷ በአፏ ተቀበለችው።

እማማ ሀረጓ ደነገጡ። ወዲያው ግን ፊታቸው ላላ፤ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረግ አደረጉ። «አንቺም እኮ ከስተሻል፣ ልጄ» አሉና የተረፈውን ግማሽ እንቁላል በእንጀራ ጠቅለል አድርገው ዘረጉላት።

ፋንታነሽ የፊተኛውን ገና አልዋጠችውም ነበር።